ሁለተኛ ናሙና

ጥቅምት 4

ይድረስ ለላቦራቶሪው ባለሙያ፣

ስምዎን ስለማላውቅ በሥራዎ ጠራሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊርማዎን ግን አውቀዋለሁ። ከልጄ ዕቃ መካከል ባገኘሁት ቢጫ ወረቀት ግርጌ ላይ የተጠመዘዘ ክር መስሎ ተቀምጧል፤ ከሥሩ «የላቦራቶሪ ባለሙያ» ይላል። ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ነሐሴ 27 ቀን እናንተ ሆስፒታል ያረፈው፣ የስኳር በሽታ የነበረበት የመሬት ቀያሽ እናት ነኝ።

ዜናው የደረሰኝ ዳቦ ቤት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሊጥ ያቦካሁበት ቤት። ከምሳ በኋላ ነበር። እጆቼ እስከ ክርን ድረስ ሊጥ ውስጥ ነበሩ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ስልክ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ይህ ሰው «ጨው አቀብዪኝ» ለማለት እንኳ የሚጮኽ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ «እጅሽን ታጠቢ» አለኝ።

«ምነው፣ ሊጡ ገና ነው» አልኩት።

«ታጠቢ እባክሽ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «እባክሽ» ብሎኝ አያውቅም። ያኔ ገባኝ። ሳልታጠብ ስልኩን ተቀበልኩት። ሊጡ ስልኩ ላይ ደረቀ፤ ባለቤቱ እስካሁን አልፋቀውም።

የሐኪሙን ቃል ደጋግሜ ስለምለው አልጠፋኝም። «በልቡ በር ላይ ፈንገስ በቅሎበት ነበር። ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ልንልከው ስንዘጋጅ ቁራጭ ተገንጥሎ ወደ አንጎሉ ሄደ» አለኝ። ፈንገስ ሲባል እኔ የማውቀው የከረመ ዳቦ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ሻጋታ ነው። ልብ ላይ መብቀሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዕቃውን ጓደኞቹ አመጡልኝ። እነሱ «ሜትሮ» ነበር የሚሉት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ስለሚለካ። ቤት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ላይ አቁሞ እኔንም ይለካኝ ነበር። «እማ፣ ዘንድሮ ግማሽ ሴንቲ አጥረሻል፤ ምን እየሠራሽ ነው?» ይለኛል። መለኪያው፣ ማስታወሻ ደብተሩ፣ ቡትስ ጫማው፣ በጣቱ ደም ስኳሩን የሚለካባት መሣሪያ፣ ሁሉም መጣ። የእርስዎ ወረቀት ደብተሩ ውስጥ ታጥፎ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛ ናሙና። በሁለቱም ጠርሙስ እርሾ መሰል ፈንገስ በቅሏል።»

እርሾ የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። እንደገና አነሳሁት። እርሾ ማለት እኔ የማውቀው እርሾ ነው? ደግሞስ ከየት ተነስቶ፣ በየት በኩል አልፎ ልብ ደረሰ? እዚያ ምን እየበላ ኖረ? ጎረቤቶቼ «ማወቁ ምን ይፈይድልሻል፤ አይመልሰው» ይሉኛል። እንደማይመልሰው አውቃለሁ። እኔ ግን ዳቦው አልነሳ ሲለኝ ምድጃውን ከፍቼ ሳላይ የማልተኛ ሰው ነኝ።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ስለዚህ መልሱን በቀላሉ ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ረሳሁ። «ሁለተኛ ናሙና» ካለ አንደኛው የት ነው?

የቀያሹ እናት


ጥቅምት 19

ለተከበሩ እማማ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ከታማሚ ቤተሰብ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አለቃችን ፖስታውን ሲያይ «ክስ ነው?» ብሎ ከእጄ ሊቀበለኝ ነበር። «የእናት ደብዳቤ ነው» አልኩት። «እሱ ይብሳል» አለኝ።

እባክዎ አንቺ ይበሉኝ። እዚህ እርስዎ የሚለኝ የለም፤ ሁሉም በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «ነይ እስቲ፣ ውጤት ደርሷል?» ነው የሚለኝ።

የልጅዎ ፈንገስ ካንዲዳ ይባላል። ከዳቦው እርሾ ጋር ዘመድ ነው፤ አንድ ግን አይደለም። የሩቅ የአጎት ልጅ ይበሉት። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ስለሚመሳሰሉ «እርሾ መሰል» ብለን እንጽፋለን። ከሩቅ አገር አይመጣም። በአፋችን፣ በአንጀታችን፣ በቆዳችን ላይ አለ፤ በእኔም በእርስዎም። ጤነኛ ሰው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል፤ ሌሎች ተሕዋስያን ቦታ አይለቁለትም፣ የደማችን ጠባቂዎችም አያሳልፉትም።

ልጅዎ የገባው ተረከዙ ቆስሎ ነው። ስኳር እግርን ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ እስኪከፋ አልታወቀውም። ለቁስሉ አራት ሳምንት ጠንካራ መድኃኒት ተሰጠው፤ መድኃኒቱ ክፉውን ተሕዋሲ ሲገድል ደጉንም ገደለ። ካንዲዳው ባዶ ቤት አገኘ። ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ ጠባቂዎቹ ይሰንፋሉ። መድኃኒቱ የሚገባበት ቱቦ በአንገቱ በኩል በቀጥታ ወደ ልብ የሚወስድ ደም ሥር ውስጥ ነበር። በዚያ የገባ ነገር ለመድረስ ሩቅ መንገድ የለበትም።

የልብ በር በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚህ ሁሉ መመታት ትንሽ ጭረት አያጣም። ካንዲዳው ጭረቱን ይይዝና እዚያው ላይ እየተደራረበ ያድጋል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ያየው የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነበር። የሚበላውን ጠይቀውኛል። ስኳር ይወዳል፤ በዚህስ ከእርስዎ እርሾ ጋር አንድ ናቸው።

ከደሙ ያበቀልነው አልሞተም። በትንሽ ቱቦ ፍሪጃችን ውስጥ ተቀምጧል። ይህን መናገሬ ያስከፋዎት ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ ሰርዤው ነበር፤ ሁሉንም ማወቅ ስለፈለጉ ተውኩት።

ስለ ሁለተኛ ናሙና የጠየቁት፣ ናሙና መድገም በእኛ ሥራ የተለመደ ነው።

እኔም ልጠይቅዎት። በመዝገቡ ላይ «የጫማ ቁስል» ይላል። ጫማው አዲስ ነበር?

አክባሪዎ፣ የላቦራቶሪዋ


ኅዳር 3

ይድረስ ለልጄ ለላቦራቶሪዋ፣

እንደምን ሰንብተሻል? አንቺ በይኝ ስላልሽ አልኩሽ። እኔ መቼም ደህና ነኝ እላለሁ።

አዎ፣ ጫማው አዲስ ነበር። ከሥራ ቦታው በስልክ ስለ ጫማው አውርቶኛል። በልኩ አጥቶ በአንድ ቁጥር ያነሰውን ነው የገዛው፤ «ይሰፋል» ብሎ። የሰው መሬት ሲለካ የሚውል፣ እናቱን ግድግዳ ላይ አቁሞ የሚለካ ልጅ፣ እግሩን ሳይለካ ጫማ ገዛ። ይህን ስነግራቸው ጓደኞቹ መሳቅ ጀመሩ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሁላችንም አቆምን።

ደብዳቤሽን ለዳቦ ቤቱ ሰዎች አነበብኩላቸው። «መቶ ሺህ» የሚለውን ባለቤቱ አላመነም። እጁን ይዤ በግድግዳው ሰዓት ቆጠርኩለት፤ በደቂቃ ሰማንያ ስድስት ሆነ። አባዛነው፤ መቶ ሺህ አለፈ። ያን ቀን ሙሉ ደረቱን ይዞ ዋለ። «ምነው ባልነገርሽኝ» እያለ ሲጮኽብኝ ነበር።

አሁን የሸሸግሁሽን ልጻፍ። ሌላው ጥያቄ ሁሉ ወደዚህ መምጫ ነበር።

ልጄን ልጠይቅ የመጣሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ሐሙስ ነሐሴ 12። ከሥራ ቀጥታ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ፊቴን እንጂ እጄን በደንብ አልታጠብኩም፤ ጥፍሬ ሥር ሊጥ ነበር። ስገባ ትራሱን ከፍ አድርጎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። አቀፍኩት። አንገቱ ላይ ቱቦውን የያዘው ፕላስተር በአንድ በኩል ተነስቶ ነበር። ነርሷ አጠገባችን አልነበረችም። በአውራ ጣቴ ደግሜ ደጋግሜ ጫን ጫን አድርጌ ለጠፍኩት።

«እማ፣ እጅሽ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ አስራብሽኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተኝቼ ያን አውራ ጣት እንዳየሁት አልነግርሽም። ወረቀትሽ ላይ እርሾ የሚለውን ሳይ ሌላ ምን ላስብ? ከዜናው ቀን ወዲህ እጄን ሊጥ ውስጥ ከትቼ አላውቅም። ባለቤቱ ሐዘን ላይ ነሽ ብሎ በመስኮት ዳቦ እንድሸጥ አደረገኝ። የሚያቦካው አሁን እህቱ የላከችው ጎረምሳ ነው፤ ዳቦው እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ ደንበኛ ሁሉ ለእኔ ነው የሚነጫነጨው።

ዘመድ ናቸው፣ አንድ አይደሉም ብለሻል። ዘመድነት አሳሰበኝ። ስለዚህ ከሁለቱም ልኬልሻለሁ፤ በወረቀት የተጠቀለለው ደረቁ እርሾ ነው፤ በጠርሙሷ ያለው ከትናንቱ ሊጥ የምናስቀረው ነው። ፖስታ ቤት «ምንድን ነው?» አለኝ ጸሐፊው። «እርሾ ነው» አልኩት። «ለማን?» «ለሆስፒታል።» ከላይ እስከ ታች አየኝና «እዚያ ዳቦ የለም እንዴ?» አለኝ።

ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጥሽው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ እይልኝ። አንድ ከሆኑም አንድ ናቸው በይኝ።

የቀያሹ እናት


ኅዳር 20

እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? በመጀመሪያ ጠርሙሷ ክዳኗን ጥላ ነው የደረሰችው። የፖስታ ቦርሳው ውስጥ ሊጡ ተነፋፍቶ የሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ተጣብቋል፤ የማን እንደሆነ እንጃ፣ ይቅር ይበለን። ክፍላችን ሁልጊዜ አልኮል አልኮል ነው የሚሸተው፤ ያን ቀን ግን ዳቦ ቤት መሰለ። የሽንት ምርመራ የሚሠራው ባልደረባዬ «ዛሬ ቁርስ ማን ጋበዘን?» እያለ ሲዞረኝ ዋለ። ዝቃጩን ግን አተረፍኩት፤ ለእኔ ሥራ የምጣድ ጠርዝ ላይ የሚቀር ያህል ይበቃል።

ያደረግሁትን እንዳለ ልንገርዎት። ደም ሲረጋ ከላዩ የሚቀር ቢጫ ውሃ አለ፤ ሴረም እንለዋለን። ሦስት ቱቦ ላይ ከሱ ጠብ ጠብ አደረግሁ። በአንዱ ደረቁን እርሾ፣ በአንዱ የሊጡን፣ በሦስተኛው ከፍሪጅ ያወጣሁትን የልጅዎን ጨመርኩ። በሰውነት ሙቀት ልክ የሚያሞቅ ሳጥን አለን፤ እዚያ አስቀምጬ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። ካንዲዳ እንዲህ ሲሞቅለት አንድ ጠባይ አለው፤ ጭራ ያወጣል። የዳቦ እርሾ አያወጣም። ቢያድር ቢከርም አያወጣም።

ከዚያ በማይክሮስኮፕ አየሁ። የእርስዎ ሁለቱም ክብ ክብ ናቸው። አንዳንዷ ከጎኗ ትንሽ ክብ ወልዳለች፤ ታቅፋ የተቀመጠች እናት ትመስላለች። ጭራ የሚባል የለም። ሦስት የመስታወት ስላይድ ቀየርኩ፤ መቶ መቶ ቆጠርኩ፤ አንድም የለም። የልጅዎ ደግሞ ከክቡ ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ጭራ አውጥቷል፤ ውሃ ውስጥ አድሮ የበቀለ ባቄላ ነው የሚመስለው። ባልደረባዬንም ጠርቼ፣ የቱ የማን እንደሆነ ሳልነግረው አሳየሁት። «ሁለቱ ዳቦ፣ አንዱ በሽታ» አለ ወዲያው።

በእርሳስ ሥዬ ልኬልዎታለሁ። በግራ ያሉት የእርስዎ ናቸው። ሥዕል አልችልም፤ ጭራው ግን እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ሊጡ ላይ የሚፈርዱት ነገር የለም። እባክዎ ያን ጎረምሳ ወደ መስኮቱ ልከው እርስዎ ያቡኩ።

አክባሪዎ፣ የላቦራቶሪዋ


ኅዳር 29

ልጄ፣

እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሥዕሉን ምድጃው አጠገብ ሰቀልኩት። ገዢ ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው፣ ባቄላ ነው?» ይላል። ባለቤቱ «የእሷ ባቄላ ነው፤ ዳቦህን ይዘህ ሂድ» እያለ ይመልስልኛል።

ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን የጥቅምቱን ደብዳቤሽን እንደገና አወጣሁት። «በቆዳችን ላይ አለ፤ በእኔም በእርስዎም» ብለሽ ጽፈሻል። እንግዲያው ጭራ ያለው በእኔም አውራ ጣት ላይ ነበረ ማለት ነው። ሊጡን ነጻ አወጣሽው፤ እጄን ግን አላወጣሽውም። አትቆጪ፤ ሥራሽን ማቃለሌ አይደለም። እንደማይቦካ ሊጥ ሆኖብኝ ነው፤ ብጠብቅ ብጠብቅ አይነሳልኝም።

ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ይህንን ነው። ይህ የሚታወቀው በቀን ነው። እኔ አንገቱን የነካሁት ሐሙስ ነሐሴ 12 ነው። ከዚያ በፊት ደሙ ንጹህ ከነበረ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ደሙ ውስጥ ከነበረ፣ እኔ አይደለሁም። ወረቀትሽ ላይ ያለው ሁለተኛው ናሙና የተወሰደው ማክሰኞ ነሐሴ 17 ነው፤ ከእኔ በኋላ ነው፤ እሱ አይጠቅመኝም። አንደኛው መቼ ተወሰደ? ምን ታየበት? በጥቅምትም ጠይቄሽ ነበር። የተለመደ ነው ብለሽ አለፍሽው።

መልሱ እኔ ከሆንኩም ንገሪኝ። ሳላውቅ ከምኖር ዐውቄ ብኖር ይሻለኛል።

የቀያሹ እናት


ታኅሣሥ 14

እማማ፣

ሰላምታዬን ሳልሰጥ ወደ ነገሩ ልግባ፤ ሰላም ካልኩ አልጽፈውም።

እርስዎ አይደሉም።

አንደኛው ናሙና የተወሰደው ሰኞ ነሐሴ 9 ነው፤ እርስዎ ከመምጣትዎ ከሦስት ቀን በፊት። መዝገቡ አሁን ፊቴ ነው። ካንዲዳው በዚያን ዕለት ደሙ ውስጥ ነበረ። በእርስዎ አውራ ጣት አልገባም፤ ሊገባም አይችልም።

ይህን በጥቅምት በአንድ መስመር ልነግርዎ እችል ነበር። ያልነገርኩዎት መስመሩ እዚያ ስለማያበቃ ነው።

የምንሠራው እንዲህ ነው። የታማሚውን ደም ምግብ ባለባቸው ሁለት ጠርሙሶች ውስጥ እንጨምርና እናሞቃለን። ደሙ ውስጥ ነገር ካለ እዚያ ይበቅላል። አንዳንዴ ደግሞ ደም ሲቀዳ ከቆዳ ላይ ተጠግቶ የሚገባ ነገር አለ፤ እሱ የበሽታው አይደለም፤ እየለየን እንጥለዋለን። በየሳምንቱ ይገጥመናል። ረቡዕ ነሐሴ 11 ጠዋት የልጅዎን ጠርሙሶች አየሁ። አንዱ ጥርት ያለ ነበር። በሌላው ጥቂት ክብ ነገሮች አየሁ፤ አራት ወይ አምስት። አንዷ ከጎኗ ትንሽ ክብ ነበራት።

ሕጉ ይታወቃል። በደም ውስጥ እንዲህ ያለ ከታየ፣ አንድም ቢሆን፣ ከቆዳ ነው ተብሎ አይጣልም፤ በዚያው ሰዓት ለሐኪሙ ይነገራል። ተምሬዋለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ያን ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አርባ ጠርሙስ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ እርሾ መሰል ነገር በደም ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር። «ከቆዳ ነው» አልኩ ለራሴ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከቆዳ የገባ ሳይሆን አይቀርም፤ ናሙና ይደገም።» ስልክ አላነሳሁም። ወረቀቱ ክፍሉ ሲደርስ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተደራረበ፤ ደሙ የተደገመው ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ነሐሴ 19 በሁለቱም ጠርሙስ ሞልቶ ሳየው ያን ጊዜ ስልክ አነሳሁ። የፈንገሱ መድኃኒት በዚያን ቀን ተጀመረ። በስምንት ቀን ዘገየ።

ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። «በጊዜው ተጀምሮም ብዙዎቹ አይተርፉም፤ ምናልባት ያኔም በሩን ይዞት ነበር» ብሎኛል። እውነቱን ነው። እኔ ግን ያን ስምንት ቀን በዚህ መሸፈን አልፈልግም።

እርሾዎን ስመረምር ደስ ብሎኝ ነበር፤ በዚህ እረፍት ካገኙ ሌላውን ሳልናገር ይቀርልኛል ብዬ። እርስዎ ግን ቀኑን ጠየቁ።

ይህን ከመላኬ በፊት ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር በጽሑፍ አስታውቄያለሁ። አለቃችን «ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። «እናቱ፣ ሁለት ጊዜ» አልኩት። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የታየበት ጠርሙስ በወረቀት ብቻ አይነገርም፤ ባለሙያው ራሱ በስልክ ይነግራል፤ የነገረበትን ሰዓትም ይጽፋል። ደብዳቤዬን ለፈለጉት ያሳዩ፤ ለፈለጉት ክስ ያቅርቡት።

ሁለት ነገር እጠይቅዎታለሁ፤ እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም። የካቲት መጨረሻ ላይ አዲስ ባለሙያዎች ይመጡልናል። ይህን የተላላክነውን ላነብላቸው እችላለሁ? ፍሪጅ ያለውንም ቱቦ አስወግጂው ካሉኝ አስወግደዋለሁ።

የላቦራቶሪዋ


የካቲት 2

ይድረስ ለላቦራቶሪዋ፣

ከወር ተኩል በላይ ስላልመለስኩ ይቅርታ አልጠይቅም። አንዴ «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። አንዴ ስድብ ጽፌ ቀደድኩት። ከዚያ ዳቦ የምጠቀልልበት ወረቀት ላይ ጀመርኩ፤ ባለቤቱ «ወረቀታችንን ጨርሰሽ ልታከስሪን ነው» ሲል ተውኩት።

«ምንም አይደለም» አልልሽም። ስምንት ቀን ነው። የማስታወሻ ደብተሩን ገልጬ በእነዚያ ስምንት ቀኖች ምን እንደሠራ ፈለግሁ። ዓርብ ከአልጋው ሆኖ የክፍሉን ስፋት የኮርኒሱን ሰሌዳ ቆጥሮ ለክቷል። ቅዳሜ የመስኮቱን። እሑድ ስልክ ደወለልኝ፤ «እማ፣ ይሄ ክፍል ጠማማ ነው፤ በአንድ በኩል በሰባት ሴንቲ ይሰፋል። ሠሪውን ባገኘው» አለኝ። ሰኞ ትኩሳት ስለነበረው አልጻፈም። ማክሰኞ አንድ መስመር አለ፤ «ደም እንደገና ወሰዱ።» ያ ሁሉ ሲሆን አንቺ ያየሻቸው አራት አምስት ክቦች እየወለዱ ነበር። ይህንን አውቄ ሰላም አላገኝም። መድኃኒቱ ቀድሞ ቢጀመርለት ይድን ነበር የሚልም፣ አይድንም ነበር የሚልም ሰው የለም። እስክሞት ሁለቱንም እያሰብኩ እኖራለሁ።

ደግሞ ሌላውን አሰብኩ። ልትዋሺኝ ትችይ ነበር። «አንደኛው ንጹህ ነበር፣ ጠርሙሱ ተሰብሮ ነው የተደገመው» ብትዪኝ በምን አውቅ ነበር? ጭራ በሌላቸው ክቦች ልትሸኚኝ ትችይ ነበር። መዝገቡን ስትከፍቺ እኔ እንደምወጣና አንቺ እንደምትገቢ እያወቅሽ ከፈትሽው። ክስ አላቀርብም። ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት አፌ ገና አልፈታልኝም፤ ሲፈታልኝ እጽፍልሻለሁ። አንቺ ብዬ መጻፌን ግን አልተውኩም፤ ይህን እወቂልኝ።

ቱቦውን አታስወግጂው። መጀመሪያ ሳነብ አቃጥዪው ልልሽ ነበር። አሁን ግን አዲሶቹ ይዩት እላለሁ። ሴረሙን ጨምረሽ፣ አሙቀሽ፣ ጭራው ሲወጣ በዓይናቸው ይዩ። ከዚያ በፊት ግን ጭራ ሳይኖረው አሳዪአቸው፤ ያን ረቡዕ ጠዋት አንቺ እንዳየሽው፣ አራት ወይ አምስቱን ብቻ። ምን እንደሚመስሉ ይጠየቁ። «ከቆዳ ነው» የሚል ከመካከላቸው አይጠፋም። ለሱ ነው ይህ ሁሉ የሚነበብለት። ስታነቢ ግን የእኔን ብቻ አታንብቢ፤ የታኅሣሡንም አንብቢው፤ ሳትዘይ።

ስለ እጄም ልንገርሽ፤ የምትጠይቂኝ እሱን ነውና። ትናንት ጎረምሳው ቀረ። ዱቄቱ ገንዳው ውስጥ ነበር፤ ውሃው ሞቋል። ባለቤቱ በመስኮቱ በኩል ደንበኛ ይዞ ያወራል። እጅጌዬን ሰብስቤ ታጠብኩ፤ ጥፍሬን በብሩሽ ፈተግሁት። ከዚያ አውራ ጣቴን አየሁት። ሰኞ ነሐሴ 9 ነው አልኩት፤ አንተ ሐሙስ ነው የደረስከው። እንዲህ ብዬ እጄን ከተትኩ።

መጀመሪያ ሊጡ እንደማያውቀኝ ያህል ደረቀብኝ። ቆይቶ ለሰለሰ። ባለቤቱ ዞር ሲል አየኝ። አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ደግሞ ያን ዝቅ ያለ ድምፁን ሊያወጣብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን «ጨው አላስገባሽም» ብሎ ጮኸብኝ፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጩኸት የለም።

አዲሶቹ ልጆች ሆይ፣ እናንተን አላውቃችሁም። ይህ ሲነበብላችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አርባ ጠርሙስ ይጠብቃችኋል፤ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጀርባ ስልክ የምትጠብቅ ሰው አለች። የእኔ ልጅ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት ነው፤ ራሱ ለክቶ በሩ ላይ ጽፎታል፤ አላጠፋሁትም። ያገኘውን ሁሉ ይለካ ነበር፤ አሁን ያለበትን ቦታ የሚለካለት ግን የለም። ስለዚህ ይህን የምትሰሙትም የምታነቡትም፣ ሥራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ለአንድ አፍታ ቁሙና ነፍሱን ይማርልን በሉልኝ። ስሙን ባታውቁትም እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ሜትሮ ብትሉትም ይበቃል።

የቀያሹ እናት